ሽማግሌ ሲጠበቅ የመጣው ውሻ

በናይሮቢ የሁርሊንግሃም ሰፈር ሐበሾች ይህን ታሪክ ሲያነሡ ይስቃሉ። «ሽማግሌ ይልካል ሲባል ውሻ ይዞ የመጣው ሰውዬ» ይሉና ሆዳቸውን ይይዛሉ። እውነት ነው፣ ያስቃል። ሠርክ ጢሞቴዎስ ግን አንድም ቀን ስቃ አታውቅም፤ ታሪኩም የእሷ ነው።

ሠርክ በናይሮቢ መሃል ከተማ፣ በአንድ የአየር መንገድ ቢሮ ቲኬት ትቆርጥ ነበር። ሀብተወልድን ያወቀችው እዚያው ነው። ጊጊሪ በሚባል ሰፈር ባለ የእርዳታ ድርጅት የሚሠራ፣ ዛሬ ጁባ ነገ የኮንጎዋ ጎማ የሚል ሰው ነበር። የጉዞ ቀን ሊያስለውጥ መጣ። በሳምንቱም ሊያስለውጥ መጣ። በሦስተኛው ቲኬት እንኳ አልያዘም።

«ዛሬስ ምኑን ልለውጥልህ?» አለችው።

«ዛሬ የሚለወጥ የለኝም» አለና አንገቱን ደፋ። «ምሳ በልተሽ እንደሆነ ልጠይቅሽ ነው።»

በልታ ነበር። አልበላሁም አለችው።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ምሳ ከእሷና ከአባቷ ጋር ሆነ። አባቷ አቶ ጢሞቴዎስ የድሮ መኮንን ናቸው፤ መንግሥት ሲለወጥ በሞያሌ በኩል ተሰደው ናይሮቢ ገቡ። ሚስታቸውን ላንጋታ መካነ መቃብር ቀብረዋል። ልባቸው ደካማ ነው፤ ከኬንያ የሚያስወጣ ወረቀትም የላቸውም። የቀረቻቸው ሠርክ ብቻ ናት። ሀብተወልድን ወደውታል፤ ቢሆንም በወጉ እስኪጠይቃቸው ድረስ «እንግዳችን» ከማለት አላለፉም።

«ይሄ ልጅ ሽማግሌ የሚልከው ለቀብሬ ነው እንዴ?» ይላሉ እሱ ሲወጣ ጠብቀው።

«ይልካል አባዬ። ሥራ በዝቶበት ነው።»

የኬንያው ምርጫ ረብሻ ጋብ ባለበት ሰሞን፣ ከተማው ገና ሳይረጋጋ፣ ሌቦች አጥር ዘለው ግቢያቸው ገቡ። አስካሪው፣ ዘበኛው ማለት ነው፣ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ላይ ነበር። የወሰዱት የተሰጣ ልብስና የአባቷን ራዲዮ ብቻ ነው። ሀብተወልድ ግን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ውሻ ያስፈልጋል» አለ። «ትልቅ ውሻ።»

ሠርክ ደስ አላት። ውሻ የሚያሳድግ ሰው ሥር ሊሰድ ነው ብላ አሰበች።

ቅዳሜ ከከተማው ዳር ወዳለው ካረን ሰፈር ወሰዳት። ሚሲስ ዋምቡዪ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህርት በሰፊ ግቢ ሁለት ዓይነት ውሻ ያረባሉ፤ ግሬት ዴንና ጀርመን ሸፐርድ። ሠርክ ሣሩ ላይ ቁጭ ከማለቷ ጥጃ የሚያህል ግራጫ ግሬት ዴን መጣና እግሯ ላይ ዘፍ ብሎ ተኛ። በሳቅ ፈረሰች።

«ይሄን! በቃ ይሄን!»

«ሥራው ይኸው ነው» አሉ ሚሲስ ዋምቡዪ እየሳቁ። «ሌባ ግዝፈቱን አይቶ ይሸሻል እንጂ እሱስ የመጣውን ሁሉ ይወዳል። የሚፈልገው ሰው አጠገብ መተኛት ነው። ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ ሰባት ዓመት፣ ቢበዛ ዘጠኝ።»

ሸፐርዱ ፈንጠር ብሎ ቆሞ ሁሉንም ይመለከታል። ገና ጎረምሳ ነው፤ ጆሮዎቹ ቀጥ ብለዋል።

«ያኛው በየቀኑ የሚያስሮጠውና የሚያስተምረው ሰው ይሻል። አሥራ ሁለት ዓመት ሊኖር ይችላል። ግቢውን ሁሉ ይጠብቃል፤ ልቡን የሚሰጠው ግን ላስተማረው ሰው ነው።»

«እሱን እንውሰድ» አለ ሀብተወልድ። «ሰባት ዓመት ምን አላት? የሚቆይላችሁ ይሻላል።»

ሚሲስ ዋምቡዪ መነጽራቸውን አወለቁ። «ውሻ በመልክ አይመረጥም፤ በአኗኗር ነው። ማታ ቤት የሚገባው ማን ነው? የዛሬ ዓመት በዚያ ቤት የሚኖረውስ?»

«እሷና አባቷ» አለ ሀብተወልድ ቶሎ ብሎ።

«አንተስ?»

ሀብተወልድ ሸፐርዱን ያያል፤ ሠርክ እሱን ታያለች። ብድግ ብላ መሄድ ፈልጋ ነበር፤ ያ ግዙፍ ውሻ ግን እግሯ ላይ እንደተኛ ነው።

መኪና ውስጥ ነው የነገራት።

«ሴኔጋል፣ ዳካር መድበውኛል። አራት ወር ነው የቀረኝ። እዚህ ያለው ሥራዬ ይዘጋል።»

«መቼ አወቅህ?»

«ከገና በፊት።» መሪውን ጨበጠ። «አብረን እንሂድ፣ ሠርክዬ።»

«አባዬስ?»

አባቷ ከኬንያ መውጣት እንደማይችሉ ሁለቱም ያውቁታል።

«አንተ ብትቀርስ?» አለችው ቀስ ብላ።

«እናቴና ወንድሞቼ የእኔን እጅ ነው የሚያዩት። ሥራ ፈት ሆኜ እዚህ ብቀመጥ ለእነሱም ለአንቺም አልሆን።»

እውነቱን ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ትጠላውና ይወጣላት ነበር።

«እና ውሻ ትተህልኝ ልትሄድ ነው?»

«ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው።»

«ሰባት ዓመት አነሰህ፣ አይደል? የሚሄደው አንተ፣ ስለ መቆየት የምታወራውም አንተ!»

መኪናውን ዳር አስይዞ አለቀሰ። ማታቱ የሚባሉት ሚኒባስ ታክሲዎች ጥሩምባቸውን እያንባረቁ ያልፏቸዋል። ሠርክ አልታረቀችውም፤ እጇን ግን እጁ ላይ አድርጋ እስኪበቃው ጠበቀችው።

ይህን ለአባቷ መንገር አቃታት። «ሀብተወልድ እሁድ ሰው ይዞ ይመጣል» ብቻ ብላ ዘጋችው። ሰው ያለቻቸው ሚሲስ ዋምቡዪን ነው፤ ሀብተወልድ የመረጠውን ሸፐርድ ሊያለማምዱ አብረው ይመጣሉ።

አቶ ጢሞቴዎስ ሌላ ምን ይጠረጥራሉ? ሴት ልጅ ያለው ቤት፣ ወዳጇ በእሁድ ሰው ይዞ ከመጣ ጉዳዩ አንድ ነው። ሱፋቸውን አስተኮሱ። ወዳጃቸውን አቶ ወንዳፍራሽን አጠገባቸው እንዲቀመጡ ጠሩ። ለመጀመሪያ ምልልስ እሺ ማለት ልጅን ማቅለል ነውና፣ «አስበንበት እንነግራችኋለን» የምትለውን መልስ እንኳ ሲለማመዱ ነው ያረፈዱት።

ሠርክ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በረንዳው ላይ ወንበር ተደርድሮ አገኘች። «አባዬ፣ እንዲህ እኮ አይደለም…» ብላ ሳትጨርስ የግቢው በር ተከፈተ።

መኪናው ቆመ። መጀመሪያ ሸፐርዱ ወረደ፣ ቀጥሎ ሚሲስ ዋምቡዪ፣ ከዚያ ሀብተወልድ።

«ሽማግሌዎቹ የታሉ?» አሉ አቶ ወንዳፍራሽ በሹክሹክታ።

ሀብተወልድ ወንበሮቹን አየ። የአቶ ጢሞቴዎስን ሱፍ፣ የታሰረውን ክራቫት አየ። «ጋሼ…» አለ።

አቶ ጢሞቴዎስ የልጃቸውን ፊት አዩና የቀረውን ሳይነገራቸው ተረዱ። በሰው ፊት እንዳትዋረድባቸው ቀስ ብለው ተቀመጡ፣ ውሻውንም በአክብሮት አዩት።

«እንደምን ዋልክ፣ አማላጅ» አሉት። «ቁጭ በል። አስበንበት እንነግርሃለን።»

አቶ ወንዳፍራሽ በሳቅ ፈነዱ። ወሬው ከእሳቸው አፍ ወጥቶ የሁርሊንግሃምን የሐበሻ ምግብ ቤት ሁሉ አዳረሰ። የውሻውም ስም አማላጅ ሆኖ ቀረ።

ሀብተወልድ በቀሩት ወራት ከጊጊሪ ሲመለስ በቀጥታ እነሱ ግቢ ይገባል። አማላጅን ያስሮጠዋል፣ ቁጭ ያደርገዋል፣ በር ያስጠብቀዋል። ሠርክ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። አንዳንዴ ሀብተወልድ ቀና ይላል፤ ዓይን ለዓይን ይጋጠማሉ። ጥሩ ውሻ ትቼላት ልሂድ ብሎ በፍቅር ነው የደከመው። ሚሲስ ዋምቡዪ «ልቡን የሚሰጠው ላስተማረው ሰው ነው» ያሉትን ግን ሁለቱም ረስተውታል።

የዳካሩን ቲኬት የቆረጠችለት ራሷ ናት። መመለሻ የለውም።

«ቀኑን ልለውጥልህ?» አለችው በመስኮቱ በኩል፣ ልትቀልድ ሞክራ።

ሀብተወልድ ቲኬቱን ተቀብሎ ቆመ። ከኋላው ያለው ተሳፋሪ እስኪያጉረመርም ድረስ ቆመ፤ ከዚያም ሄደ።

ሌባ ዳግመኛ አልደፈራቸውም፤ ለዚህስ አማላጅ ይመስገን። ነገር ግን በየቀኑ፣ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ፣ ያ መኪና ይገባበት በነበረው ሰዓት በሩ ሥር ሄዶ ይተኛል። ምግቡን ቢያቀርቡለት ዞር ብሎ አያይም። ሠርክ ከሥራ ስትገባ ተነሥቶ ያሸታታል፤ ከኋላዋ ማንም እንደሌለ ሲያይ ተመልሶ ይተኛል።

ሀብተወልድ እሁድ እሁድ ይደውላል። ስለ እሷ መጠየቅ ስለሚከብደው ስለ ውሻው ይጠይቃል።

«አማላጅ ለመደ?»

«ለምዷል» ትለዋለች በመስኮት እያየችው። «ረስቶሃል እኮ።»

«ጎሽ» ይላል።

አንድ እሁድ ስልኩን ዘግታ ስትወጣ አባቷ ወንበራቸውን በሩ ድረስ ወስደው ውሻው አጠገብ ተቀምጠዋል። ድሮ ውሻ የማይወዱ ሰው ነበሩ፤ አሁን ግን አናቱን ይደባብሳሉ።

«አይመጣም እኮ» ይሉታል። «ተነሥ፣ እንግባ፤ ብርድ ነው።»

አማላጅ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። አቶ ጢሞቴዎስ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ።

«እኔን እምቢ አለኝ። እስቲ አንቺ ንገሪው።»

ሠርክ ልትነግረው ጎንበስ አለች። በንግግር ፈንታ አንገቱን አቀፈችው። ከአባቷ ወንበር ሥር፣ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ሦስቱም በሩን እያዩ አመሹ፤ የሚመጣ እንደሌለ የሚያውቁት ግን ሁለቱ ብቻ ነበሩ።