የአይተኜ እንቅልፍ

ጦርነቱ ባበቃ በሁለተኛው ዓመት፤ ዝናቡ አባርቶ ወንዙ ግን ገና ሳይጠራ፤ ከተማው ሁሉ አዲሱን የብረት ድልድይ ሊያስመርቅ ወደ ባቡር ጣቢያው ወጣ። የመጀመሪያውን ባቡር እንዲነዳ የተመረጠው አንጋፋው ነጂ ነበር፤ በጦርነቱ ዘመን ቁስለኛ ሲያመላልስ ቀንና ሌሊት ከባቡሩ ባለመውረዱ «አይተኜ» የሚል ስም ወጣለት፤ ኩራቱ እራቱ የሆነ ሰው ነውና ስሙን እንደ ማዕረግ ይዞት ኖረ። ጦርነቱ አለቀ፤ እንቅልፉ ግን አልተመለሰም።

ጉዳቱን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ነበረች። ያ ገራገር ሰው ማንኪያ ኳ ባለ ቁጥር ይቆጣል፤ ልጁን በሟች እህቱ ስም ይጠራል፤ የጀመረውን ጨዋታ መሐል ላይ ጥሎ ግድግዳ ያያል። ያን ዕለት ጧት ደግሞ ጫማውን አጥልቆ ሲያበቃ «ጫማዬ የት ገባ?» ብሎ ቤቱን አተራመሰው።

«እግርዎ ላይ ነዋ!» ብላ ሳቀች፤ ወዲያውም ሳቋ ጠፋ። «በሞቴ፤ ዛሬ አይንዱ።»

«ዝም በይ! ስንት ነጂ ባለበት እኔን የመረጡኝ እንድተኛ ነው?» ብሎ ወጣ።

ሙዚቀኛው ይነፋል፤ ሚኒስትሩና መኳንንቱ መድረኩ ላይ ተሰይመዋል፤ ፉርጎዎቹን የትምህርት ቤት ሕፃናት ሞልተዋቸዋል። ባቡሩ ንቅንቅ እንዳለ አይተኜ ፍሬኑን ያዘ።

«ምነው ጋሼ?» አለ ከሰል ጨማሪው።

«ሐዲዱ ላይ የቆመው ሰውዬ አይታይህም?»

«ኧረ ማንም የለም! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ሐዲዱን ደግሞ አየው፤ ባዶ ነው። ከኋላው የሕፃናቱ ጫጫታ ይሰማል። ወረደ፤ ኮፍያውንም አውልቆ በሕዝቡ ሁሉ ፊት ለባቡር መንገዱ ዋና ሹም እጅ ነሣ።

«ክቡር ሆይ፤ እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ፤ የሌለ ሰው እያየሁ ነው። ልጆች ጭኜ ድልድይ አልሻገርም፤ ሌላ ነጂ ይተካ።»

የሹሙ ፊት ቀላ። «ኒሻኑ ተዘጋጅቶ፤ ሚኒስትሩ እያዩ! አሁን ከወረድህ ዳግመኛ ባቡር አትነዳም!»

«ይሁን፤ ጌታዬ።»

ከሕዝቡ መሐል «እንቅልፋም!» ያለም አልጠፋ። አንድ ወጣት ነጂ ተተክቶ ድልድዩን በሰላም ተሻገረ። አይተኜ ያን ከባድ ስም ከትከሻው ጥሎ በመንገደኞች ማረፊያ አግዳሚ ላይ ጋደም ቢል፤ ስንት ዓመት የሸሸው እንቅልፍ ይዞት ጭልጥ አለ። ሚስቱ ካፖርቱን አልብሳው በሩ ላይ ቆመች፤ ሙዚቀኞቹ እየነፉ ሲመጡም እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው።

«ቀስ በሉ! ባለቤቴ ተኝተዋል» አለች፤ በዕድሜዋ እንደዚያ ቀን ኮርታ አታውቅም።

የዘመኑ ጸሐፊዎች ድልድዩን የተሻገረውን ነጂ ስም ከነኒሻኑ ጽፈዋል፤ አልዋሹም። ስለወረደው ግን አንዳች አላሉም፤ ታሪክ የደረሰውን አደጋ እንጂ ሳይደርስ የቀረውን መመዝገብ አያውቅበትም። እነዚያ ሕፃናትም አደጉ፤ ወግ ማዕረግ አዩ፤ የልጅ ልጅ ታቀፉ፤ ማንን ማመስገን እንዳለባቸው ሳያውቁም በየአልጋቸው ተኝተው እያደሩ አረጁ።