የሚሰምጡ ችግኞች

ቅዳሜ ጠዋት የለምለም ማኅበር አባላት ከገበያው በላይ ባለው ዋርካ ሥር ይገናኛሉ። አካፋና ዶማቸውን በትከሻቸው፣ በጥቁር ላስቲክ የተቋጠሩትን ችግኞች በሣጥን ተሸክመው፣ የከተማቸው የጉም አምባ ጉም ከመሬት ሳይላቀቅ አቀበቱን ይያያዙታል። ማንም አይከፍላቸውም። ከመካከላቸው ልብስ ሰፊ አለ፣ ፀጉር ሠሪ አለች፣ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ አለ፤ ሁሉም በየሳምንቱ በጭቃ ተለውሰው የሚመለሱት፣ ከሁለት ክረምት በፊት ተንዶ የላይኛውን ሠፈር የዋጠው ቀይ ገደል እንደገና አረንጓዴ እንዲለብስ፣ የዛፍ ሥርም አፈሩን አጥብቆ እንዲይዝላቸው ነው።

ዘርትሁን ግን የመጣችው ለአረንጓዴው ብላ አልነበረም። ተራራው የተናደ ዕለት ልጇን ስመኝን ቤት ትታ ገበያ ወርዳ ነበር፤ ስትመለስ ቤቱም፣ ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድም አልነበረም። መቆፈሪያ መኪናው ሌሎቹን አንድ በአንድ አወጣ፣ ከተማውም አልቅሶ ቀበራቸው። ስመኝ አልወጣችም። ጭቃው እየተመለሰ ሲሞላ መኪናው ሄደ፣ ሰዎችም እርምሽን አውጪ አሏት። የምታለቅስበት መቃብር ስላልነበራት አቀበቱን ሁሉ መቃብር አደረገችው፤ ችግኝ በተከለች ቁጥር አፈሩን በመዳፏ ጫን ታደርግና፣ ሌሎቹ እንዳይሰሟት ጎንበስ ብላ፣ የልጇን ስም ትጠራለች።

ስመኝ ያገኘችውን ሁሉ የምትጎነጉን ልጅ ነበረች። ሰምበሌጥ፣ የሻርፗን ዘርፍ፣ የጎረቤት አህያ ጭራ ሳይቀር ትጎነጉን ነበር። ሁልጊዜም አንዲት ዘለላ ትረሳለች፤ ያቺ ዘለላ ከጉንጉኑ ጎን ወጥታ ትንጠለጠላለች፣ እናቷም በዚያች ዘለላ እየሳቀች ትጎትታት ነበር።

«ይሄን ፀጉር መቼ ነው የምትሰጪኝ?» አለቻት ፀጉር ሠሪዋ ተናኘ፣ ጎን ለጎን ጉድጓድ እየቆፈሩ ሳለ። ዘርትሁን በሐዘኑ የተላጨችው ፀጉር ትከሻዋ ደርሶ ነበር፤ በጥቁር ሻሽ ጠፍራ ከማሰር በቀር ግን አልነካችውም።

«ስመኝ ስትገኝ።»

«እሺ። ያን ቀን በነፃ ነው የምሠራሽ፤ ለማንም እንዳትናገሪ ብቻ፣ ሠልፍ ይሆንብኛል» አለች ተናኘ፤ ከዚያ የተናገረችው ነገር ለራሷም ከብዷት ወደ ጉድጓዷ አጎነበሰች።

ችግኞቹ መስመጥ የጀመሩት ሐምሌ ሲጋመስ ነው። መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም። ከጉልበት በላይ የነበረው ወይራ ከጉልበት በታች ሆነ፤ ጎርፍ አፈር አምጥቶበት ነው ተባለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን የታችኞቹ ቅጠሎች አፈሩን ነክተው፣ እንደ አገጭ መሬቱ ላይ ተደግፈው ተገኙ፤ ዙሪያው ያለው አፈር አልተነሣም፣ አልተሰነጠቀም፣ ከታች የሆነ ሰው ግንዱን ይዞ በትዕግሥት ቁልቁል የጎተተው ይመስል ነበር። ሽታም ነበረ፤ ከእርጥብ አፈር ሽታ ሥር የተደበቀ፣ ጎንበስ ሲሉ ብቻ አፍንጫ የሚያገኘው፣ ፀጉር ላይ የዋለ ቅቤ ዓይነት ሽታ።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ልብስ ሰፊው ጋሽ ልሳኑ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ረድፉን ቃኘ። «ላስቲኩን ሳይቀድ የተከለ ሰው አለ» አለ። «ሥሩ ታፍኖ በስብሷል፤ የሚያሳፍረን ይሄ ነው።»

«ጋሼ፣ እኔን እያዩ አይናገሩ» አለች ተናኘ። «ባለፈው ዶማዎን ገልብጠው ይዘው ሲቆፍሩ የነበሩት እርስዎ ነዎት።»

ሰዎቹ ሳቁ። ዘርትሁን አብራቸው ፈገግ ብላ፣ ላስቲኩን ላረጋግጥ በሚል ሰበብ ወደ ረድፉ ጫፍ ሄደችና፣ ከሁሉ ይልቅ የሰመጠውን ወይራ በእጇ ዙሪያውን ትምስ ጀመር። ላስቲክ አልነበረም። ሥሩን ለማላቀቅ ስትስበው እንቢ አለ፤ ድንጋይ እንደያዘው ሥር ሳይሆን፣ የያዘውን ለመልቀቅ እንደሚያመነታ እጅ፣ ጥቂት ሰጥቶ መልሶ ሳበ። ከዚያ በድንገት ለቀቀው። ከጭቃው ውስጥ የወጣው ሥር በሦስት ተከፍሎ፣ ከግንዱ እስከ ጫፉ ተጎንጉኖ ነበር።

ቁጭ አለች። ጉንጉኑን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ጥብቅ ነበር፣ እኩል ነበር፣ አንዲት የወጣች ዘለላ አልነበረችበትም። የስመኝን የተረሳች ዘለላ ከላይ እስከ ታች ፈለገች፣ አጣቻትም። ለቅጽበት አንድ ብርድ ነገር ከወገቧ ተነሥቶ ወደ ማጅራቷ ወጣ። ግን ሁለት ዓመት ከአፈር ጋር ስትነጋገር የኖረች እናት ለብርዱ ቦታ አልሰጠችውም። ተምራለች፣ አለች በልቧ፤ ይህን ሁሉ ጊዜ እዚያ ታች ብቻዋን ሆና ምን ሌላ ሥራ አላት። ችግኙን በነበረበት መልሳ፣ አፈር አልብሳ፣ ለማንም ሳትናገር ተነሣች።

ከዚያ በኋላ የቅዳሜው አልበቃትም። በየቀኑ ከሥራ መልስ ትወጣ ነበር፤ ከራሷ ደጅ የነቀለችውን ጽድ፣ ከመንገድ ዳር የለቀመችውን ግራር፣ ሥር ያለውን ማንኛውንም ነገር ይዛ። ነጠላዋን አንጥፋ ትተኛና ጆሮዋን መሬቱ ላይ ታደርጋለች። ከታች እርጥብ ገመድ ሲከርር የሚያሰማው ዓይነት ቀጭን ሲጥታ፣ ቆም ብሎ፣ እንደገና፣ ይመጣል። ያ ድምፅ ሲቆም የምትሰጠው ሥር እንዳለቀባት ታውቃለች። ከዚያ ጣቶቿ እስኪደሙ ሌላ ጉድጓድ ትቆፍራለች።

በነሐሴ መጨረሻ ማዘጋጃ ቤቱ አቀበቱን ሊያጥረው ወሰነ። አፈሩ እየላላ ነው፣ ማንም እንዳይወጣ ተባለ። የማኅበሩ አባላት ለመጨረሻ ጊዜ ወጥተው መሣሪያቸውን ሲሰበስቡ፣ ከተከሉት ሁሉ ከመሬት በላይ የቀረው እዚህም እዚያም ጫፉ ብቻ የሚታይ ቅጠል ነበር።

«ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሜዳ ሰጥተውናል» አለ ጋሽ ልሳኑ፣ ሌሎቹ ወርደው እሱና ዘርትሁን ሲቀሩ። «ከተማው ከዚያ ተነሥቶም ሊለመልም ይችላል። ነይ፣ እንውረድ።»

«እሷስ?»

ጋሽ ልሳኑ ማን ብሎ አልጠየቀም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ለረጅም ጊዜ ጠረገው። «እኔም አንዱን ነቅዬ አይቻለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ምን አዩ?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የእጅ ሥራ አይጠፋኝም። የልጅ እጅ አይደለም፣ ዘርትሁን።»

«አድጋለቻ» አለችው።

አያት፤ ብቻውን እንደማያወርዳት ከፊቷ ላይ አንብቦ ዶማውን አነሣ። «ሰዎች ይዤ እመለሳለሁ» አለ፣ «እዚሁ ጠብቂኝ።» ወደ ታች ሲወርድ ኮቴው ጭቃ ውስጥ ጧ ጧ ሲል ተሰማ፣ ከዚያ ጉሙ ኮቴውን ዋጠው።

ቀትር ሊሆን ተቃርቦ ነበር፤ ብርሃኑ ግን ከየትም የማይመጣ፣ ነጭና ጥላ የሌለው ነበር። ከታች ሲጥታው ቆሟል። ዘርትሁን ሣጥኖቹን ገለበጠች፤ ባዶ ናቸው። አጥሩ ነገ ይታጠራል። ሰዎቹ አሁን ይመጣሉ፣ በብብቷ ይዘው ያወርዷታል፣ ልጇም ባዶ እጇን እዚያ ጨለማ ውስጥ ትቀራለች። ዙሪያዋን የተመለከተችው እየሰመጠ እንዳለ ሰው ነበር፤ የሚነቀል ሣር እንኳ አልነበረም። ከዚያ እጇ በራሱ ወደ ጥቁሩ ሻሽ ሄደ።

ባዶው ጉድጓድ አጠገብ በጀርባዋ ተጋደመች፣ ፀጉሯን ወደ ውስጥ ለቀቀችው፣ አፈሩንም በሁለት እጇ እየሰበሰበች እስከ ግንባሯ አለበሰችው። ቀዝቃዛ ነበር። የቅቤው ሽታ ጉሮሮዋ ድረስ ወረደ። ብዙ አልጠበቀችም፤ አንድ ቀጭን ነገር ከመሀል አናቷ ተነሥቶ እንደ ሚዶ ወደ ኋላ ሄደ፣ ፀጉሯን ከፈለው፣ ደግሞ ከፈለው፣ ከዚያ ጣቶቹ ሥራቸውን ያዙ። ጣቶቹ ገር ነበሩ። እንባዋ በሁለቱም ጎን ወደ ጆሮዋ ፈሰሰ።

«ቀስ በይ፣ የኔ እናት» አለች። «አልሄድም።»

ጣቶቹ ረጃጅም ነበሩ፤ አድጋለች፣ አለች እንደገና። ከሁለቱም ጆሮዎቿ ጀርባ፣ ከማጅራቷም ሥር፣ ከትከሻዋም አካባቢ በአንድ ጊዜ ይሠሩ ነበር።

ከታች ከጉሙ ውስጥ ሩጫ ሰማች፣ ከዚያ የተናኘን የተቆራረጠ ትንፋሽ። «የስመኝ እናት! የት ነሽ? አይታየኝም።» ድምፅዋ ወዲያና ወዲህ እያለ ቀረበ። «አሸዋ አውጪዎቹ ስመኝን ከድልድዩ በታች አገኟት። ያን ዕለት ውኃ ለመቅዳት ወርዳ ኖሯል፣ ወንዙ ነው የወሰዳት። በሻርፗ ነው የለየናት፣ ዘርትዬ። ዘርፉ እንደተጎነጎነ አለ፤ ያቺ የምትረሳት ዘለላ እንኳ ወጥታ አለች።» ተናኘ ታለቅስ ነበር። «እዚህ አልነበረችም እኮ። አንድም ቀን እዚህ አልነበረችም። ነይ ውረጂ፣ አብረን እንቅበራት።»

ዘርትሁን ልትነሣ ክርኗን መሬቱ ላይ አስደገፈች። ጣቶቹ፣ የሚያዳምጥ ሰው እንደሚያደርገው፣ ለአፍታ ቆሙ፤ ከዚያ የጉንጉኑን ጫፍ ቋጥረው፣ ችግኞቹን ሲስቡ እንደከረሙት ሁሉ፣ ሳይቸኩሉ ወደ ታች ይስቧት ጀመር።