እንብላ የተባለው መምህር

ምሳ ላይ ከሆናችሁ ሳህኑን ወደዚያ ገፋ አድርጉና አንብቡ። በኋላ እኔን እንዳትረግሙኝ።

ታሪኩ ፈጠራ አይደለም። የሆነው ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ አንድ የቀለምና የሚስማር ሱቅ ጓዳ ውስጥ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

በጠራራ ፀሐይ!

ሰብሌ እዚያ ሱቅ ሻጭ ናት። የመደበኛው ዩኒቨርሲቲ ክፍያ ከአቅሟ በላይ ሆነባት፤ ቢቻላትስ ሱቁን ትታ የት ትሄዳለች? ስለዚህ በኦንላይን አካውንቲንግ ጀመረች። ዋጋው ረከስ ያለ፣ ሰዓቱም ለሥራዋ የሚመች ነበር። በምሳ ሰዓቷ ስልኳን የቀለም ባልዲ ላይ አስደግፋ ትማራለች። እንዲህ ስትታገል ዓመታት አልፈው አንድ ኮርስ ብቻ ቀራት።

የዚህ ኮርስ መምህር ሕግ አንድ ነው። ካሜራውን ያጠፋ ወደቀ።

የመምህሩ ፊት ገርጥቷል። የትንሿ ጣቱ ጥፍር ረጅምና ቢጫ ነው። ያስጠላል አይደል? ገና ምኑ ተያዘና።

አንድ ቀን በጣም ርቧት እዚያው ካሜራው ፊት ምሳ ዕቃዋን ከፈተች። ሽሮ ነው። ሰው እያያት ብቻዋን መጉረስ ነውር ሆነባት።

«መምህር፣ እንብላ» አለች።

እናንተም ትሉ ነበር። መልሱም ይታወቃል፤ «ብዪ፣ በልቻለሁ» ነው።

እሱ ግን ማስተማሩን አቆመ...

«እሺ» አለ።

ሰብሌ ሳቀች። ወደ ምሳ ዕቃዋ ስትመለስ ሽሮው መሃሉ ላይ በጣት ተዝቋል። ጠርዙ ላይ ለሃጭ ይዝለገለጋል።

በማግስቱ ክዳኑን ስትከፍት ያገኘችው የተላመጠና የተተፋ እንጀራ ነበር። የቆሼ ቆሻሻ ክምር በነፋስ ቀን እንኳ እንዲያ አይሸትም።

«እትዬ... ምሳዬን የሚበላው መምህሩ ነው» ብላ ለባለሱቋ ለእትዬ ጥሩብርሃን ሹክ አለቻቸው።

«በስልክ ውስጥ? በስመአብ! አጥፊው ያንን ነገር!»

«ካጠፋሁት እወድቃለሁ።»

«ውደቂያ!»

«ሌላ ዓመት ከየት አመጣለሁ፣ እትዬ?»

ምሳ መያዝ ተወች።

የመጨረሻው ፈተና የቃል ነበር። ሌሎቹ ተማሪዎች ተራ በተራ ተፈትነው ወጡ። እሷና መምህሩ ብቻ ቀሩ።

«ዛሬ ምሳ የለም?» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የለም... መምህር።»

«ግድ የለም። ስበላብሽ ከርሜ ዝም ማለት ነውር ነው። ዛሬ በኔ ነው።»

«ፈተናውስ?»

«አፍሽን ክፈቺ።»

ካሜራውን ልታጠፋ ጣቷን ሰደደች። ያ ሁሉ ልፋት ትዝ አላት... ጣቷን መለሰች።

አፏን ከፈተች።

ወዲያው አፏ ሞላ። ቀዝቃዛ፣ የላመ፣ የሻገተ ነገር። የገዛ ሽሮዋ ነበር።

ዋጠችው። እኔን እንኳ እየጻፍኩት ያቅለሸልሸኛል።

ስክሪኑ ላይ «አልፈሻል» የሚል ጽሑፍ መጣ።

ሰብሌ አለቀሰች፤ እውነቱን ለመናገር ደስም ብሏታል። ስልኩን ጨርሳ አጠፋችው።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለ ድምፁ።

ከስልኩ አልነበረም የመጣው። ከጉሮሮዋ ነበር።

በጠቆረው ስክሪን ፊቷን አየች። ከንፈሮቿን አጥብቃ ገጥማለች። በመሃላቸው ግን ረጅም ቢጫ ጥፍር ከውስጥ ብቅ ብሎ... አፏን ቀስ እያለ ይከፍተው ነበር።