የላይኛውና የታችኛው ፎቅ የዓለም ጦርነት

«ጻፊ! ሦስተኛው የዓለም ጦርነት የተነሣው በአንድ ሳህን ነው» አሉ የሺሀረግ፣ ሣቃቸውን በሻሻቸው ጫፍ እያፈኑ።

መብራት ጠፍቷል፤ የአል-ሚምዳራ ሰፈር ሙቀት ቤት አያስቀምጥም። ሻይማ ከአያቷ ከየሺሀረግ ጋር ፋኖስ ይዛ ሰገነት ላይ ወጥታለች። መምህሯ ኡስታዛ ኑሃ «የዓለም ጦርነት ሲባል ምን ማለት ነው? ትልቅ ሰው ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ነገ ክፍል ውስጥ ይነበባል፤ የበለጠው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል» ብላለች። ሻይማ አንድም ቀን ተለጥፎላት አያውቅም።

«ጅዳ፣ ብዙ አገር ሲዋጋ ነው እኮ የሚባለው» አለች ሻይማ አያቷን።

«ታዲያ እኛስ? ላይኛው ፎቅ አንድ አገር፣ ታችኛው አንድ አገር፣ ደረጃው ድንበር። ወላሂ፣ ስሙን ያወጣልን ሰፈሩ ነው!»

እውነታቸውን ነው። ታችኛው ፎቅ ከምትኖረው ከላይላ ጋር ከተኳረፉ ሦስት ረመዳን አልፏል። የላይላ የልጅ ልጅ ራኒያ ግን ከሻይማ ጋር አንድ ዴስክ ነው የምትቀመጠው።

«በረመዳን ሳንቡሳ ሞልቼ ላክሁላት። ባዶውን መለሰችልኝ! የጎረቤት ሳህን ባዶውን ይመለሳል? አንዲት ቴምር እንኳ! ደረጃው ላይ ቆሜ ወረድሁባት፤ እሷም አልተኛችልኝም።»

ሻይማ እየሣቀች ትጽፋለች። የክፍሉ ጫጫታ ከወዲሁ ይሰማታል።

የአያቷ ድምፅ ግን ላላ። «ከወሎ ወደዚህ አረብ አገር ስመጣ አረብኛ ያስተማረችኝ እሷ ናት። አንድ ደህና ቀሚስ ለሁለት ነበረን፤ ሠርግ ሲመጣ ዕጣ እንጥላለን። ጁምዓ ጁምዓ ብሬቃ ባሕር ዳር ወርደን ዓሣ እንጠብሳለን። ጥይቱ የዘነበ ጊዜ አንድ ፍራሽ ላይ ነው ያደርነው። ያንን እንኳ ጦርነት የሚለው የለም፤ “አህዳስ” ነው የምንለው፣ የሆነው ነገር እንደ ማለት። በሳህን ስንጣላ ነው የዓለም ጦርነት የተባለው።»

«ለምን ባዶውን መለሰችው ግን?»

የሺሀረግ የሻሻቸውን ጫፍ ይቋጥሩ ይፈቱ ጀመር።

«ኋላ ነው የሰማሁት። የልጇ ደመወዝ ስምንት ወር ቆሞ፣ ቤቷ ሳህን ላይ የሚቀመጥ ነገር አልነበረም። እኔ ደግሞ ስሟን ያላነሣሁበት ቤት የለም። አሁን በምን ዓይኔ ልውረድ?»

በነጋታው ኡስታዛ ኑሃ «ሻይማ!» ብላ ጠራች። የላይላ ባዶ ሳህን የተጻፈበት ወረቀት ደብተሯ ውስጥ ታጥፏል። ራኒያ ከጎኗ ቀና ብላ ታያታለች።

«አልሠራሁም፣ ኡስታዛ።»

ዜሮ ተጻፈባት። እንደተቀመጠች ራኒያ በክርኗ ጎሰመቻት።

«ውሸታም! ትናንት ሰገነት ላይ ስትጽፊ አይቼሽ የለ?»

«ራኒያ፣ ከትምህርት መልስ እናንተ ቤት ልግባ?»

«እኛ ቤት? አብደሻል?»

«አያትሽን ላነጋግራት ነው። አያቴ አፍራ እንጂ ጠልታት እንዳልሆነ ልነግራት።»

«ወይኔ! አያትሽ ትገድልሻለች!»

«ለመግደልም እኮ መውረድ አለባት» አለች ሻይማ።