ጸጥ ያለው ዲፈረንሻል

የሹፌሩ አስከሬን ገደል ውስጥ ከተገለበጠው የጭነት መኪና ከወጣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መርማሪው ጋራዡ በር ላይ ደረሰ። የዕቃ ክፍል ኃላፊዋ እማማ በመስኮታቸው አዩት። ሰውየው ቀጭን፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። የሚያስፈራው እንዲህ ያለው ነው፤ የሚጮኸውማ ጮኾ ይወጣለታል።

እማማ የፈሩት ለራሳቸው አልነበረም። የጋራዡ መካኒክ የልጅ ልጃቸው ናት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ በእጃቸው ያደገች። የዚያን መኪና የዲፈረንሻል ዘይት፣ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞሩት ማርሾች የሚነከሩበትን፣ ሰኞ ዕለት የቀየረችው እሷ ናት። ዛሬ ጠዋት የአደጋው ወሬ እንደተሰማ፣ እማማ ልጅቷ ከምትሠራበት ጠረጴዛ ሥር አንድ ባዶ ጣሳ አገኙ። «140» ይላል። ለዚያ መኪና የሚገባው ደግሞ ዘጠና ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዘይቱ እንደሚወፍር፣ ስንት ዓመት ዘይት ሲያድሉ የኖሩት እማማ አሳምረው ያውቃሉ። ጣሳውን ሹራባቸው ውስጥ ሸጉጠው ወሰዱና ጓሮ ካለው የቁርጥራጭ ብረት ክምር ሥር ቀበሩት። ልጅቷን አንዲት ቃል አልጠየቋትም።

«እማማ፣ ሰኞ ለመካኒኳ የቱን ዘይት ሰጧት?» አለ መርማሪው።

«ዘጠናውን። በእጄ ነው የሰጠኋት፣ ልጄ።»

መርማሪው ከኪሱ ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። ከተሰባበረው ዲፈረንሻል የተቀዳ ዘይት ነበር። ዘንበል ሲያደርገው እንደ ማር እየተለጠጠ ወረደ።

«ይኼስ ዘጠና ነው?»

«እኔ እንጃ... መነጽሬን አልያዝኩም።»

መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነበር። መርማሪው እንዳላየ ሆኖ አለፋቸው።

ባለመኪናው ቦርጩን አስቀድሞ ገባና ገና ከበሩ ጮኸ። «ልጅቷ ናት! ለሟቹ ሚስትም ደውዬ ነግሬያታለሁ። ለሴት ልጅ መፍቻ ሲሰጧት ይኸው ነው!»

«አፍህን ሰብስብ!» አለች መካኒኳ እጇን በጨርቅ እየጠረገች። «ረቡዕ ዕለት ሹፌሩ ‹ከኋላ ያፏጫል› ሲለኝ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል፣ ይፈታ ብዬህ አልነበር?»

«እኔ በምን አውቄ? ማስተር ነድቶት ምንም የለውም አለኛ!»

ማስተር የጋራዡ አንጋፋ ነው። ብልሽትን በጆሮው ብቻ ይለያል እየተባለ ከሩቅ ድረስ ይፈልጉታል።

«ጤነኛ ነበር» አለ ማስተር ጢሙን እያሻሸ። «የዛሬ ልጆች ሁልጊዜ የሆነ ድምፅ ይሰማቸዋል። ይቺም የሰማችው ምሳዋ ሲዘገይ የጮኸውን ሆዷን ይሆናል።»

ይህን እየተናገረ ሳለ የመርማሪው የእጅ ሰዓት በቀጭኑ ይጮኽ ጀመር። «ኧረ እሱን ነገር ያጥፉልን» አለ ባለመኪናው። መርማሪው ግን አልቸኮለም። ማስተር ወሬውን ሳያቋርጥ ጨረሰ።

መርማሪው ወደ መካኒኳ ዞሮ ከአደጋው ቦታ ያመጣውን የዘይት መሙያ ቡሎን አሳያት። «ይህን መልሰሽ ስታጠብቂ ምን ታደርጊበታለሽ?»

«አዲስ የመዳብ ቀለበት።»

«ደግ። እንግዲህ ሁላችሁም ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። እማማ ከልጅቷ ጎን ሆነው እጇን ጥብቅ አድርገው ያዙ።

«ቁልቁለቱ ላይ ኩሽኔታው ነክሶ ያዘ» አለ መርማሪው። «የኋላ ጎማዎቹ በአንዴ ቆሙና መኪናው ተንሸራቶ ገደል ገባ። ዲፈረንሻሉ ውስጥ የተገኘው ወፍራሙ ዘይት ነው። ሁላችሁም ሰኞ በስህተት የተሞላ መሰላችሁ። ግን ወፍራም ዘይት የተበላ ማርሽንና ኩሽኔታን ድምፅ ያፍናል። ሰኞ ተሞልቶ ቢሆን ሹፌሩ ረቡዕ ፉጨት ባልሰማ ነበር። ስለዚህ የተጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ድምፁ ጠፋ፤ በሽታው ግን እዚያው ነበር። ለዚያ የደከመ ኩሽኔታ ደግሞ ወፍራሙ ዘይት በጠዋቱ ብርድ ቶሎ አይደርስለትም።»

ቡሎኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ቀለበት የለውም። ክር ነው የተጠመጠመበት። በዚህ ጋራዥ በክር የሚያስር ማን ነው?»

ዓይን ሁሉ ወደ ማስተር ዞረ።

«ያልገባኝ ምክንያቱ ነበር» አለ መርማሪው። «ሰዓቴ ሲጮኽ ገባኝ። አባባ፣ ቀጭን ድምፅ መስማት ካቆሙ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

ማስተር ለመሳቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ አልታዘዝ አለው።

«ሁለት ዓመት» አለ በመጨረሻ። «ስነዳው ምንም አልሰማሁም። ሹፌሩ ግን ‹ማስተር፣ አሁንም ያፏጫል› ይለኛል። ዕድሜዬን በጆሮዬ በልቼ፣ አልሰማም ልበል? በዚያው ረቡዕ ልጅቷ ምሳ ስትወጣ፣ ከሌላ ሥራ በተረፈኝ ወፍራም ዘይት ቀየርኩለት። ጣሳውን እዚያው እሷ ጠረጴዛ ሥር ተውኩት። ሹፌሩ አንድ ዙር ነድቶ መጣና ‹ዝም አለ፣ ተባረክ› ብሎ... እጄን ስሞ ሄደ።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ዛሬ ስሟን ሲጠሩም ዝም አልኩ።»

ባለመኪናው አንገቱን ደፋ።

«ጣሳ አሉ» አለ መርማሪው። «ጠረጴዛው ሥር ግን ምንም አላገኘሁም። የደበቀው ሰው ልጅቷን አተርፋለሁ ብሎ ይመስለኛል። ጣሳው መደበቁን ከሌላ አፍ ሰምቼ ቢሆን ግን ዛሬ የምይዘው እሷን ነበር።»

እማማ ብድግ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደዚያ ከብዷቸው ተነሥተው አያውቁም። «እኔ ነኝ» አሉ።

የልጅቷ እጅ ከእጃቸው ቀስ ብሎ ወጣ።

«እማምዬ፣ እኔ መስዬሽ ነው?»

«ልጄ...»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አዎ እንዳትዪኝ ፈርቼ።»

ልጅቷ የሥራ ልብሷን አውልቃ ጃኬቷን ደረበች።

«ወዴት ነው?» አሉ እማማ።

«ሟቹ ቤት። ሚስቱ ባሏን እኔ የገደልኩት መስሏታል።»

«ሰው ይናገርሻል፣ ብቻሽን አትሂጂ! አብሬሽ ልምጣ።»

ልጅቷ በሩ ላይ ቆመች፤ ዞራ ግን አላየቻቸውም። «ነይ። ግን እኔ አንዲት ቃል አልናገርም። ጣሳውን ለምን እንደደበቅሽ አንቺው ትነግሪያታለሽ።»

መርማሪው ቀኑን ሙሉ እማማን ካስፈራቸው በላይ ያቺ የማያውቋት ሴት አስፈራቻቸው። የዕቃ ክፍሉን በር እንኳ ሳይቆልፉ ልጅቷን ተከትለው ወጡ።