ላይቭ ላይ ያለችው ሴትዮ

«ሀዊ፣ ነይ እይ፤ ዛሬ ደግሞ ሌላ ሴትዮ ነች» አለች ዮርዲ ስልኳን እያስጠጋችላት።

ከትምህርት ቤት ወጥተው ካዛንቺስ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመዋል። ሀዊ አንዴ አየችና ደነገጠች። የምትሠራበትን መደብር ብርቱካናማ ሽርጥ ለብሳ፣ ፔርሙዝ ይዛ የቆመችው እናቷ ቡዜ ነበረች።

ቡልጋሪያ ማዞሪያ ያለውን ባለ ሦስት ፎቅ የቅናሽ መደብር የክፍላቸው ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። በበሩ ከሚገባው ገዢ ይልቅ በስልክ የሚገዛው ይበዛል። ቅናሹ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል፤ ከሰዓት በኋላ ዕቃው በላይቭ ይታያል፤ የፈለገ ኮመንት ላይ «ለእኔ» ብሎ ይጽፋል፤ ሞተረኛ ቤቱ ድረስ ያመጣለታል። ላይቩን የምትመራው ሁልጊዜ እጸገነት የምትባል ሽቅርቅር ልጅ ነበረች። የሀዊ እናት ዕቃ ደርዳሪ ናት። ሀዊ ግን ለዮርዲ «ቢሮ ነው የምትሠራው» ብላታለች።

«እጸገነት አሟት ነው መሰለኝ» አለች ዮርዲ። «ይቺኛዋ ግን፣ በቃ ካሜራ አይታም አታውቅ።»

አንድ ተመልካች «ፔርሙዙ ሙቀት ያሳድራል?» ብሎ ጻፈ። ከካሜራው ጀርባ አንድ ሰውዬ «ያሳድራል በያቸው» ሲል በሹክሹክታ ተሰማ።

ቡዜ ፔርሙዙን አገላበጠችው።

«እኔም ቤት ያለኝ ይኼው ነው» አለች። «ጠዋት የሞላሁት ሻይ እስከ ማታ ይሞቃል። ካደረ ግን ለብ ይላል። ሥራ ቦታ ለምትይዙት ጥሩ ነው። ቤታችሁ አራስ ካለች ግን ይኼ አይሆናችሁም፤ ትልቁን ውሰዱላት፤ ትንሽ ይወደዳል እንጂ አያሳፍራችሁም።»

ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ። ሲግተለተል የነበረው «ለእኔ» ቀጥ አለ። ሀዊ አሁን እናቴን ከሥራ ያባርሯታል ብላ አሰበች።

«ሴትዮዋ እየሸጠች ነው እየከለከለች?» ብሎ አንዱ ጻፈ። ዮርዲ ሳቀች።

ቀጥሎ ግን ሌላ ሰው ስለ መጥበሻው ጠየቀ። ሌላው ስለ ባልዲው። ቡዜ መጥበሻውን አመሰገነች፤ የባልዲው እጀታ ቶሎ እንደሚነቀል ተናገረች። «ለእኔ» የሚሉት ቀስ በቀስ ተመለሱ። ትልቁን ፔርሙዝ የሚጠይቁም መጡ።

«ፋራ መስላኝ ነበር» አለች ዮርዲ፣ አሁን ሳትስቅ። «እማዬ ብትሰማት እንዴት ደስ ይላት ነበር መሰለሽ። ኦንላይን ያዘዘችው ነገር እንደተባለው ሆኖ መጥቶላት አያውቅም።»

ሀዊ አንገቷ ላይ ሙቀት ተሰማት፤ ኀፍረት ግን አልነበረም።

«የፅዳት ሠራተኛ ነው እንዴ ያቀረባችሁልን?» የሚል ኮመንት ብቅ አለ።

ሀዊ የራሷን ስልክ አወጣች። ስሟና ፎቶዋ ባለበት አካውንት ላይቩ ውስጥ ገባችና ጻፈች፦ «እናቴ ነች።»

ጽሑፉ ዮርዲ ስልክ ላይ ወጣ። ዮርዲ አንብባ ቀና አለች።

«ቢሮ ነው አላልሽኝም?»

«ዋሽቼሽ ነው። ዕቃ ደርዳሪ ነች።»

ታክሲው መጣና ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ከኋላ የቆሙት ሴት «ልጆች፣ ግቡ እንጂ» አሏቸው። ሀዊ ከሰልፉ ወጥታ መንገዱን ለቀቀችላቸው።

«በእግሬ ቡልጋሪያ ልወርድ ነው» አለች። «ስትጨርስ አብሬያት ወደ ቤት እገባለሁ። ከመጣሽ አስተዋውቅሻለሁ።»

ዮርዲ ታክሲውን አየት አደረገችና፣ ላይቩን ሳትዘጋ ተከተለቻት።