ከሚዛኑ ሥር

አቶ ግዛው ሠላሳ ዓመት የገበያ ሚዛን ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከሚዛን ሥር ማግኔት የደበቀ ስንቱን ነጋዴ እጅ ከፍንጅ ይዘዋል። ታዲያ በ1988 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ፣ ልጃቸው ሚካል ኬሚስትሪ ወደምታስተምርበት የመካኒሳ ትምህርት ቤት ብቅ ሲሉ፣ ኢሉ የተባለው ወጣት ጎንበስ ብሎ ከነሐስ ሚዛን ሥር የድምፅ ማጉያ ማግኔት ሲያስቀምጥ አገኙት። ደማቸው ፈላ።

ኢሉ የኦክስጅን ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ሚካል «ኦክስጅን በማግኔት ይሳባል» ብላ ስታስተምር ተማሪዎቿ «እስቲ አሳይን» ቢሏት፣ ፋብሪካው ድረስ ሄዳ ነው የተዋወቁት። በብርድ ፈሳሽ የሆነውን ኦክስጅን ቀድቶ ሲያሳያት «ሰማያዊ ነው!» ብላ ክንዱን ያዘችው። ያን ቀን ኢሉ ሥራ አልሠራም።

ሽማግሌ ቢልክ ግን አቶ ግዛው «ልጄን ለአየር ነጋዴ አልሰጥም» ብለው መለሷቸው። ያን ቅዳሜ ኢሉ ተማሪዎቿ ሳይመጡ ሙከራውን ሊያዘጋጅ ፈሳሹን በፔርሙስ ይዞ መጥቶ ነበር።

«ይኸው! ሌባ መሆንህን ድሮም ጠርጥሬ ነበር!» አሉ አሁን።

«አባዬ፣ እስቲ አንተው መዝነው» አለች ሚካል ባዶ ብልቃጥ እያቀበለቻቸው።

አቶ ግዛው ባዶውን ብልቃጥ ሰሀኑ ላይ አስቀምጠው፣ ሚዛኑን አስተካክለው፣ ማግኔቱን ከሥር አስጠጉ። ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ኢሉ ከፔርሙሱ ቀዳ። ብልቃጡ ጨሰ፤ ውስጡ የጥቅምት ሰማይ የመሰለ ነገር መፍላት ጀመረ።

ሚዛኑን ዳግም አስተካክለው ማግኔቱን እንደገና አስጠጉ። ሰሀኑ ዝቅ አለ። አራቁት፤ ከፍ አለ። መነጽራቸውን ጠርገው ደገሙት። ልዩነቱ ሁለት ግራም ያህል ነው።

«ብረት የለበትም?»

«የለበትም ጋሽ ግዛው። ከምንተነፍሰው አየር የወጣ ነው።»

ፈሳሹ እያዩት አለቀ።

«የት ሄደ?» አሉ አባት በሹክሹክታ።

«እዚሁ ነው አባዬ። እየተነፈስነው ነው።»

አቶ ግዛው አየር በረጅሙ ሳቡ። ስልሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ምን ሲተነፍሱ እንደኖሩ ገና ያን ጊዜ ገባቸው መሰለኝ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ከሚዛን ሥር ማግኔት ያስቀመጠ ሁሉ የሚደብቀው ነገር ነበረው» አሉ። «አንተ ግን የተደበቀውን አሳየኸኝ። እሁድ ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ።»

ሚካልና ኢሉ ተያዩ።

አቶ ግዛው በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ።

«ያንን ማግኔት ግን ገበያ ይዘህ እንዳትወጣ!»